አሥራ ሁለተኛው ዘፈን፣ ሁለት ደቂቃ ከአሥር

ሚኒባሷ ሥራ ካቆመ ዓመታት ባስቆጠረ የድንጋይ ካባ ውስጥ፣ ፊቷን ወደ ገደሉ አዙራ ቆማለች። ሹፌሩ ቀበቶውን አስሮ መሪው ኋላ ተቀምጧል። አንገቱን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጓል፤ ከሩቅ ለሚያየው ተሳፋሪ ሲጠብቅ እንቅልፍ የጣለው ሰው ነው የሚመስለው። ኢንስፔክተሯም መጀመሪያ እንደዚያ መስሏት ነበር። በሩን ከፍታ ጭንቅላቱን ከኋላ በኩል ስታይ ግን ክው አለች።

እግሯ መሬት የማይቆነጥጥ ሴት ናት። ቢሮዋ ውስጥ ያለውን ወንበር ባልደረቦቿ «የኮት ወንበር» ይሉታል፤ ከኮቷ በቀር ሲቀመጥበት ያዩት ነገር የለምና። አሁንም ሚኒባሷን ሦስት ጊዜ ዞረቻት። ጎማውን ነካች፣ ከወንበሮቹ ሥር አጎንብሳ አየች፣ ተመልሳ መጥታ ሐኪሙ አናት ላይ ቆመች።

«ከጀርባው ነው የተመታው። በከባድ ብረት፣ አንድ ጊዜ» አለ ሐኪሙ። «ከጧቱ ሁለት እስከ ሦስት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ግን እዚህ የፈሰሰው ደም ለዚህ ቁስል ያንሳል። ሌላ ቦታ ሞቶ ነው ያመጡት።»

«በራሱ መኪና?»

«እሱን አንቺ ድረሽበት። ለጊዜው ግን ብርሃኔን አትጋርጅብኝ።»

ሬሳውን ያገኘው አሸዋ ሊጭን የመጣ የገልባጭ መኪና ሹፌር ነው፤ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ። ቁልፉ እንደተሰካ ነበር። ሳጅኑ ጓንት ባጠለቀ እጁ ቁልፉን ጠመዘዘና ጆሮውን ጣል አደረገ።

«ቴፑ ሞቷል» አለ። ካሴት ከጠፋ ስንት ዘመኑ፣ ሰው ግን መኪና ላይ የሚዘፍነውን ነገር ሁሉ እስከ ዛሬ ቴፕ ነው የሚለው። ይሄኛው የሚውጠው ሲዲ ነበር።

ኢንስፔክተሯ በሳጅኑ ትከሻ ላይ አሻግራ አየች። በቴፑ ትንሽ መስኮት ላይ አሥራ ሁለት ቁጥር በርቷል። ከጎኑ ሰዓት ይቆጥራል፤ 2:10፣ 2:11፣ 2:12።

«አልሞተም፤ እየዘፈነ ነው» አለች። «ድምፁን ነው ዜሮ ላይ ያደረጉት። አጥፋና እንደገና ክፈተው።»

ሳጅኑ አጥፍቶ ከፈተው። ሲዲው ካቆመበት፣ ከ2:14 ቀጠለ። ቁልፍ ሲዞር ያቆማል፤ ሲመለስ ከዚያው ይነሳል። ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋን አውጥታ «12፣ 2:10» ብላ ጻፈችና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ለምን እንዳሰመረችበት ገና አላወቀችም።

የሟቹ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። የምትሠራው ቤታቸው በር ላይ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ሲሆን፣ ክፍሏን ግማሽ የሞላው ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ሰማያዊ ጨርቅ ነው። ለትምህርት ቤት መዘምራን ሃያ አራት ቀሚስ እንድትሰፋ ታዝዛለች፤ አሥራ ዘጠኙ አልቆ ተሰቅሏል። መርዶው ደርሷታል። የስፌት መኪናው ፊት ተቀምጣ እግሯን ፔዳሉ ላይ አድርጋለች፤ አትሰፋም፣ ግን አትነሳም።

«እህቴ፣ ዛሬ ጧት ስንት ሰዓት ነው የወጣው?»

«ልክ ሁለት ሰዓት። የጎረቤት ሬድዮ ዜና ሲጀምር እሱ ሲዲውን እየከተተ ነበር።»

«ሲዲ ሁልጊዜ ይሰማል?»

ሴትዮዋ ፈገግ ልትል ቃጥቷት ተወችው። «የሚያመላልሳቸው የትምህርት ቤት ልጆች ጋሽ ሲዲ ነው የሚሉት። ወንድሙ ሙዚቃ ቤት አለው፤ በየሳምንቱ አዲስ ሲዲ ይቀዳለታል። አዲሱን ከዚህ በር ላይ ይከተዋል፣ ከአንድ ይጀምራል፣ እስኪያልቅ አይነካውም። አንዱንም ዘፈን አይዘልም። ልጆቹ ሲለምኑት "ሰው ሲናገር አይቋረጥም፤ ሲዘፍን ለምን ይቋረጣል?" ነው የሚላቸው።»

ኢንስፔክተሯ ከበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር ትላለች። ክፍሏ ለዚህ ዓይነት ሰው አልተሠራችም፤ ሁለት እርምጃ ነው።

«ትምህርት ቤት ለእረፍት ተዘግቷል። ታዲያ ወዴት ነበር?»

«ጋራዥ። ፍሬኑ ሰሞኑን ይጮህበት ነበር። ትናንት ማታ ራሱ ፈቶ አይቶ በሌላ ቀይሮታል። ዛሬ አንድ ነገር ተሸክሞ ሄዷል፤ ብረት ነገር፣ ከዚች ቁራጭ ጠቅልዬ ነው የሰጠሁት።» ሰማያዊውን ጨርቅ ጫፉን ይዛ አሳየቻት። «"ምንድነው?" ብለው "የልጆቹ ጉዳይ ነው፤ ዛሬ ይለይለታል" አለኝ። ሌላ አላለኝም።»

ሚኒባሷ ውስጥ እንዲህ ያለ ጨርቅም ብረትም አልተገኘም። ኢንስፔክተሯ ቁራጭ ጨርቅ ለምና ማስታወሻዋ ውስጥ አስገባች።

ጋራዡ ከቤታቸው ሃያ ደቂቃ ይነዳል። ከአጥሩ በላይ ጣሪያው ይታያል፤ ነፋስ ቆርቆሮውን እንዳይነቅለው አሮጌ ጎማዎች ተደርድረውበታል፣ ከመሀላቸው አንዱን ትልቅ ጎማ ለምልክት ብለው ቢጫ ቀብተውታል። ባለቤቱን ሠራተኞቹም ደንበኞቹም «ማስተር» ይሉታል። ሃምሳ ያለፈው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። እጁን በነዳጅ ታጥቦ በጨርቅ እየጠራረገ ተቀበላቸው።

«ሰማሁ» አለ። «እኔ እንጃ፣ ምን ዓይነት ዘመን ላይ ደረስን። ሁለት ሰዓት ከሃያ ግድም መጥቶ ነበር። ፍሬኑን አየሁለት፣ አቧራ ነው ብዬ ነፋሁለት። አሥር ደቂቃ ቢቆይ ነው።»

«ከዚያስ?»

«"ወንድሜ ጋ ልሂድ፣ ከሱ ጋር የምነጋገረው አለኝ" ብሎ ወጣ። ፊቱ ጥሩ አልነበረም። ሙዚቃውን ለቆት ሲወጣ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት።»

«በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ነበር?»

«አላየሁም።»

«እርስዎስ ከዚያ በኋላ የት ነበሩ?»

«የት እሄዳለሁ? እዚሁ ነኝ። ሦስት ሰዓት ላይ አንዲት መምህርት መኪናዋን አመጣች። እስከ አራት ተኩል እሷ ቆማ እኔ መኪናው ሥር ተኝቼ ነበርን።»

መምህርቷ ስትጠየቅ ቃል በቃል አረጋገጠች። ሦስት ሰዓት ላይ ማስተር ራሱ በሩን ከፈተላት። «ትንሽ አልቦት ነበር» ብላ ጨመረች፤ «ሠራተኞቹ ገና አልገቡም ነበር፣ ብቻውን ሲለፋ ነው መሰለኝ።»

ኢንስፔክተሯ ጋራዡን ዞራ አየችው። ከኋላ አንዲት ትንሽ የቆርቆሮ በር አለች።

«ይሄ ወዴት ነው?»

«ወደ ገደሉ ነው። ቆሻሻ የምንደፋበት ነው» አለ ማስተር።

ከጋራዡ እስከ ካባው በመኪና ሃያ አንድ ደቂቃ ነው። ሳጅኑ በሰዓቱ ለክቶታል፤ መንገዱ ገደሉን ለመዞር ሩቅ ይሄዳል። ሚኒባሷን እዚያ ጥሎ ያለ መኪና የሚመለስ ሰው በዚያ መንገድ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ሦስት ሰዓት ላይ በር ሊከፍት አይችልም። ማስተርን ተዉት።

ከሙዚቃ ቤቱ ጎን ፎቶ ኮፒ የምታነሳው ሴትዮ ገና ሳትጠየቅ ነበር የጀመረችው።

«ትናንት እኮ ሰፈሩን አናወጡት! ታላቅየው "በላህብኝ" ይላል፣ ታናሽየው "ሰጥቼሃለሁ፣ አልበላሁብህም" ይላል። የአባታቸው ቤት ነገር ነው መሰለኝ፤ ከተካፈሉ ገና ዓመታቸው ነው። ወንድማማች እንዲህ ሲሆን ደስ አይልም።»

«ዛሬ ጧትስ? ሚኒባሷን አየሽ?»

«ዛሬ ረፋዱ ላይ ነው የከፈትኩት። የሱ በር ግን ግማሹ ወርዶ ነበር።»

ታናሽ ወንድም ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ሙዚቃ ቤቱ ከአንድ ኮምፒውተር፣ ከአንድ ወንበርና ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ከተደረደረ ሲዲ በቀር ምንም የለውም። ለቅሶ ፊቱን አሳብጦታል። ጧቱን ብቻውን ሲዲ ሲቀዳ እንደነበር ተናገረ፤ ያየው ሰው የለም።

«ከወንድምህ ጋር በምን ተጣላችሁ?»

«በዘፈን።»

«ሰው በዘፈን ይጣላል?»

«እኛ እንጣላለን» አለ። «አሥራ አምስት ዘፈን ቀድቼ ብሰጠው "የምሰማው አሥራ ሁለት ነው፤ ሦስቱን በላህብኝ" አለኝ። እዚችው ኮምፒውተር ላይ አጫወትኩለት፤ አሥራ አምስቱም ዘፈኑ። "መኪናዬ ላይ አይዘፍኑም" ይለኛል። እልህ ያዘኝ። ማታ ያንኑ እንዳለ ደግሜ ቀድቼ በሚስቱ እጅ ላክሁለት። "ጆሮህን ታጥበህ ስማ በይው" አልኳት።»

ይህን ብሎ አፉን በእጁ ያዘ። ኢንስፔክተሯ አየችው። አንጀቷን በላት፤ ግን በሃያ ዓመት ሥራ ውስጥ በልቅሶ የታጠበ ውሸት ብዙ ሰምታለች።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሲዲው ቢሮ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ሐሳቡ የራሷ ነው፣ ስታስበውም ደስ ብሏት ነበር። ሰውየው ሲዲውን ከቤቱ በር ላይ ከአንድ ይጀምራል፤ አንድም አይዘልም፤ ሞተር ሲጠፋ ይቆማል። እንግዲያውስ ሲዲው የቆጠረው ሚኒባሷ የተነዳችበትን ጊዜ ነው። ዘፈኖቹን እስከ አሥራ ሁለተኛው፣ ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ድረስ ደመሩ።

«ሃምሳ ስምንት ደቂቃ» አለ ሳጅኑ። ከዚያ መንገዱን ደመረ። «ከቤት ጋራዥ ሃያ። ከጋራዥ ሙዚቃ ቤት ሃያ አራት። ከሙዚቃ ቤት ካባው አሥራ አራት። እሱም ሃምሳ ስምንት።»

ኢንስፔክተሯ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፈቻቸው።

«ጋራዥ ደርሶ፣ ወንድሙ ጋ ሄዶ፣ እዚያ ሞቶ ነው የተወሰደው» አለ ሳጅኑ። «ድምፁንስ ዜሮ የሚያደርገው ማነው? በዘፈን የተናደደ ሰው ነዋ።»

ደቂቃ ለደቂቃ ገጠመ። ይህን ያህል ሲገጥም ሰው ምን ይላል? አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ታናሽ ወንድምን አስራ አስገባችው። ልጁ አልታገለም። «ቀብሩ ነገ ነው» ብቻ አለ። «እኔ ነኝ ያለሁት። ሌላ ወንድም የለውም።»

ኢንስፔክተሯ ያን ሌሊት በደንብ አልተኛችም። ነገሩ ለምን አልዋጥ እንዳላት እሷም አታውቅም።

በማግስቱ ጧት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ልብስ ሰፊዋ ጣቢያው በር ላይ ነበረች። በእጇ መርፌ የተሰካበት ክር አለ፤ ከቤት ስትወጣ ሳታስበው ይዛው የወጣችው መሆን አለበት።

«ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ነው» አለች። «ወንድሙን ይልቀቁልኝ።»

«እህቴ፣ ማስረጃው እሱ ላይ ነው።»

«ባሌን ያልገደለ ሰው አስራችሁ ባሌን ለብቻዬ ላስቀብር? ያ ልጅ እኮ የማያውቀው ሰው የቀዳውን ሲዲ እንኳ ሲያገኝ ጠርጎ መደርደሪያ ላይ ነው የሚያኖረው። እሱ ቢሆን ሲዲውን አውጥቶ ይሄድ ነበር። ሳጅኑ እንደነገረኝ ድምፁን ዘግተውታል፤ እሱ ድምፅ አይዘጋም።»

«የተጣሉትም በዘፈን ነው አለ። ይህን አምኜ…»

«በዘፈን ነዋ። ታዲያ በምን? ባሌ ሲመጣ ሲሄድ የሚያወራልኝ ይሄንኑ ነበር። "ቴፑ ሦስቱን ይዘላል" ይለኛል። "ኮምፒውተሩ ላይ ግን ሁሉም ይዘፍናል፤ ለእሱ እንዴት አድርጌ ላስረዳው?" ይላል።»

ኢንስፔክተሯ ስትመላለስ ከነበረበት መሀል ክፍሉ ላይ ቀጥ አለች። ይህ በእሷ ዘንድ ያልተለመደ ነው፤ ሳጅኑ ደንግጦ ቀና አለ።

«የለካነው በምን ነበር?» አለችው።

«በምን? በኮምፒውተር ነዋ።»

«ሚኒባሷን አምጣ። ቁልፉንም፣ ሲዲውንም።»

የሹፌሩ ወንበር ላይ ላስቲክ አነጠፉ። መሪውን ራሷ ያዘች። ሳጅኑ ከጎኗ ሰዓት ይዞ ተቀመጠ። ከሟቹ በር ላይ ልክ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ሲሆን ሲዲውን ከአንድ አስጀመሩትና ወጡ።

አንደኛው ዘፈን ደህና ነበር። ሁለተኛው ረዘመ፤ ሦስተኛውን ሳጅኑ አብሮት አንጎራጎረና ዓይኗን ሲያይ ተወው። አራተኛው አለቀ። በመስኮቷ ላይ አምስት ቁጥር በራች፣ ጠፋች። አንድ ሁለት ሰከንድ ዝምታ ሆነ። ስድስተኛው ጀመረ።

«ነካሽው?» አለ ሳጅኑ።

«ሁለቱም እጄ መሪ ላይ ነው።»

ጋራዡ በር ላይ ሃያ ደቂቃ ሲሆን ቁልፉን አዞረችና መልሳ አስነሳች። ዘፈኑ ካቆመበት ቀጠለ። ሰባት ዘፈነ። ስምንት በራ፣ ጠፋ፤ ዘጠኝ ገባ። አሥር ዘፈነ። አሥራ አንድን ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁት። በራ፣ ጠፋ። አሥራ ሁለት ጀመረ።

ሙዚቃ ቤቱ ገና ሦስት ደቂቃ ሲቀረው መስኮቷ ላይ 2:10 ታየ። ኢንስፔክተሯ መንገድ ዳር ቆመች። ከፊታቸው አንድ ሰው ብስክሌት እየገፋ ያልፋል። ሳጅኑ ሰዓቱን አቆመ።

«አርባ አንድ ደቂቃ» አለ ሳጅኑ በቀስታ። «እዚያ ሳይደርስ ነው ያለቀው። ሚኒባሷ ሙዚቃ ቤቱን አላየችም።»

«እኔ ነኝ ያሰርኩት» አለች። ሚኒባሷን አዞረች።

ከሟቹ በር እንደገና ጀመሩ። ከአንድ። ጋራዥ ሃያ። ከጋራዡ አጥር ተነስተው ገደሉን እየዞሩ ወደ ካባው ሄዱ። አምስት ተዘለለ፤ ስምንት ተዘለለ፤ አሥራ አንድ ተዘለለ። አቧራው ላይ በኖራ ምልክት የተደረገበት፣ ሚኒባሷ ቆማ የተገኘችበት ቦታ ላይ ፍሬን ስትይዝ አሥራ ሁለተኛው ዘፈን ሁለት ደቂቃ ከአራት ላይ ነበር።

«ማስተር» አለ ሳጅኑ። «ግን ሦስት ሰዓት ላይ ጋራዡ ነበር። መምህርቷ…»

ኢንስፔክተሯ ወርዳ ገደሉ አፍ ላይ ቆመች። ትናንት እዚህ ስትቆም ያየችው ሬሳውን፣ መሬቱን፣ ጎማውን ነበር። አሁን ቀና አለች። ከማዶ፣ በቁጥቋጦው መሀል፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ይታያል። ጣሪያው ላይ ጎማዎች ተደርድረዋል። አንዱ ቢጫ ነው።

ሁሉንም ነገር በመኪና ለክተውት ነበር። ፖሊስ ከመኪና ወርዶ በእግሩ የሚሄደው መኪና ሲበላሽ ብቻ ነውና ሌላ ነገር ለአንዳቸውም አልታያቸውም።

«አንተ ሚኒባሷን ይዘህ በመንገዱ ዙር» አለችው።

«አንቺስ?»

እሷ ግን ገደሉን መውረድ ጀምራለች። መውረጃው ላይ በእግር የተረገጠ ቀጭን ዱካ ነበር። ከታች የቆሻሻ ክምር፣ የተቀደደ ጎማ፣ የዘይት ጣሳ። ከዚያ ሽቅብ ነው። አናቱ ላይ ስትደርስ አልቧት ነበር፣ መምህርቷ ያለችው ላብ ትዝ አላት። ከፊቷ የቆርቆሮዋ በር ናት። ሰዓቷን አየች፤ ዘጠኝ ደቂቃ።

ማስተር አንድ ሞተር ላይ አጎንብሷል። የበሩን መንጓጓት ሰምቶ ዞረ፣ እጁንም ከጎኑ ባለ ጨርቅ መጥረግ ጀመረ።

«በየት ገቡ?» አለ።

«በቆሻሻ መድፊያው። ካባው ጋ ነበርኩ።»

እጁን መጥረጉን አላቆመም። ኢንስፔክተሯ ግን እጁን ሳይሆን ጨርቁን ነበር የምታየው። ግሪስ አጥቁሮታል፤ አንዱ ጫፉ ግን ገና ሰማያዊ ነው፣ ሰማያዊው ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለ። ማስታወሻዋን አውጥታ ቁራጩን ሳትናገር ከጎኑ ያዘችው።

«ጋራዥ ውስጥ ጨርቅ ከየት እንደመጣ ማን ያውቃል?» አለ ማስተር።

«ይህ ለመዘምራን ቀሚስ የተገዛ ነው። ትናንት ጧት ሁለት ሰዓት ሚስቱ ጠቅልላበት ሰጠችው። እርስዎ ደግሞ ምንም አላየሁም ብለውኛል።» ድምፅዋን አላነሳችም። «ብረቱን ገደል ጥለውታል፤ እናገኘዋለን። ጨርቁን ግን መጣል አልሆነልዎትም።»

ማስተር እጁ ላይ ያለውን ጨርቅ አየው። አርባ ዓመት በዚህ ሥራ የኖረ ሰው ነው፤ ንጹሕ ቁራጭ ጨርቅ ሲያገኝ እጁ ራሱ ያስቀምጠዋል። እንዳስቀመጠውም አያውቅም ነበር። ቀስ ብሎ አንድ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

«የፍሬን ሸራ ነው ያመጣው፣ ጎማውን ይዞ የሚያቆመውን ብረት» አለ። «አዲስ ነው ብዬ የገጠምኩለትን። ፈቶ አይቶታል፤ አሮጌ ነው፣ በማጣበቂያ የተያያዘ። የትምህርት ቤቱን ሚኒባሶች ሁሉ እኔ ነኝ የምሠራው። "ለትምህርት ቤቱ ሁሉንም ይፍቱና ይዩ ልላቸው ነው፣ ልጆች ናቸው የሚሳፈሩበት" አለኝ። እንደገና እሠራዋለሁ፣ ጊዜ ስጠኝ ብዬ ለመንኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ መኪናው ሄደ። የጎማ መፍቻው እጄ ላይ ነበር።»

«ወንድሙ ጋ ሄደ ያሉንስ?»

«መጣላታቸውን ራሱ አጫውቶኝ ነበር፤ ገና እንደመጣ፣ እየሳቀ።»

ኢንስፔክተሯ ጥርሷን ነከሰች። «ቴፑንስ?»

«በድንኳን ሸራ ጠቅልዬ ከኋላ አስተኝቼው ቁልፉን ሳዞር ዘፈነብኝ» አለ ማስተር። «አልቻልኩም። ድምፁን ቀንሼ ቀንሼ አጠፋሁት። የጠፋ ነበር የመሰለኝ።»

ከውጭ የሚኒባሷ ሞተር ተሰማ፤ ሳጅኑ ደርሶ ነበር።

ታናሽ ወንድም ሲፈታ ስምንት ሰዓት ከሩብ ነው። ኢንስፔክተሯ መዝጊያውን ራሷ ከፈተችለት። ማን እንደገደለው ነገረችው። ከዚያ ሌላውን ነገረችው።

«አምስተኛው፣ ስምንተኛውና አሥራ አንደኛው መኪናው ላይ አልዘፈኑም። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ይዘላቸዋል። ተሳስቼ አስሬሃለሁ፣ ይቅርታ አድርግልኝ።»

ልጁ የሷን ይቅርታ የሰማው አይመስልም።

«ይዘላቸዋል?»

«ይዘላቸዋል።»

«ልክ ነበር ማለት ነው» አለ። ግድግዳውን ተደገፈ። «እነዚያ ሦስቱ ከሌላ ቦታ ያገኘኋቸው ናቸው፤ አቀዳዳቸው ሌላ ዓይነት ነው። ኮምፒውተር ሁሉንም ያነባል። የሱ ቴፕ አሮጌ ነው፤ አንዱን ዓይነት ብቻ ነው የሚያውቀው። ለመቀየር አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አምስተኛውን ደግሞ ዓመት ሙሉ ሲጠይቀኝ ኖሮ በስንት ፍለጋ ያገኘሁለት ነው። ጭራሽ አልሰማውም። እኔ ጆሮህን ታጠብ አልኩት።»

ኢንስፔክተሯ ሰዓቷን አየች፤ እሱም አየ።

«በሙዚቃ ቤቱ በኩል እንለፍ» አለ። «አምስት ደቂቃ ብቻ።»

አለፉ። እሱ ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጥ እሷ በሩ ላይ ቆመች። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ሴትዮ አንገቷን አውጥታ አየቻቸውና ወደ ውስጥ ተመለሰች። ሲዲው ሲቀዳ ማሽኑ የሚያሰማው ድምፅ በጣም ዝግ ያለ ነው፤ ኢንስፔክተሯ ከዚያ ቀደም እንዲህ ያለ ነገር ቆማ ሰምታ አታውቅም። አምስት ደቂቃው አሥራ ሁለት ሆነ፣ አላጣደፈችውም።

የሷ መኪና ቴፕም አሮጌ ነው። ሲዲውን ከአንድ አስጀመረችውና ነዱ። ልጁ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ መንገዱን ሳይሆን ትንሿን መስኮት ያያል። አራተኛው አለቀ። አምስት ቁጥር በራች።

አልጠፋችም።

መካከለኛ ዕድሜ ያላት ሴት ድምፅ ነው፤ አንድ ክራር ብቻ ነው የሚከተላት። ፈጣን ዘፈን አይደለም። ልጁ ፊቱን ወደ መኪናው በር መስኮት መለሰና ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

መቃብር ስፍራው በር ላይ ሲደርሱ ዘፈኑ ገና መሀሉ ላይ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ከሰዎቹ ፊት ቆማለች፤ መኪናዋን አይታ ወደነሱ ሁለት እርምጃ መጣችና ከተከፈተው መስኮት የሚወጣውን ስትሰማ ባለችበት ቆመች። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ቀርቶታል። የኢንስፔክተሯ እጅ እንደ ልማዱ ወደ ቁልፉ ሄደ።

ከዚያ መለሰችው። እጇን ጭኗ ላይ አደረገች፣ ጀርባዋን ወንበሩ ላይ ጣለችና ተቀመጠች። ሞተሩ እየሠራ ዘፈኑ እስከ መጨረሻው ሄደ። ሲያልቅ፣ ስድስተኛው ከመግባቱ በፊት፣ ቁልፉን ያዞረው ልጁ ነው።